ምርቃቱ ለዶሮዎቹ ነው

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የሚያልፈው በማለዳ ነው። ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ ሲነሳ፣ የሟቹን ስም ገና ሳልሰማ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንትም አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። «የመምህር ጌታሁን ቀብር ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው!» አለ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ደገመው።

መምህር ጌታሁን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው የእህታቸው ልጅ ሰናይት ቡራዩ ወስዳ ስታስታምማቸው ቆየች። ከሰበታ ሲሄዱ ዶሮዎቻቸውን ለእኔ ተዉልኝ። በረንዳዬ ላይ ቆመው በከዘራቸው ዶሮዎቹ ወደሚንጫጩበት እያመለከቱ፣ «እነዚህ የለሚ ናቸው፤ እኔ አደራ ጠባቂ ነበርኩ» አሉኝ። ለሚ ባለቤቴ ነው። ለምን እንዲህ እንዳሉ ለማስረዳት ስለ መርፌው መጻፍ አለብኝ። ስለ መርፌው ሳስብ ደግሞ አሁንም እፈራለሁ፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

መምህሩ ዓይናቸውን ያጡት በልጅነታቸው በፈንጣጣ ነው። ጎጃም ተወልደው፣ እዚህ ሰበታ ዓይነ ስውራን ልጆችን ሒሳብ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ ጡረታም እዚሁ ወጡ። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ደፍ ላይ ቆም ብለው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ከዚያ «አምስት ናችሁ፤ አንዱ ሊሄድ ተነስቷል» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ሲሳሳቱ ይናደዳሉ። «ማነው ትንፋሹን የዋጠ?» ይላሉ።

አዲስ ተማሪ ሲመጣላቸውም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ነን?» ልጁ ጆሮውን አቅንቶ ይገምታል። ግምቱ የሚቀርብ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ቶሎ እንደሚገባው በሥራ ዘመናቸው አስተውለዋል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። «አንዲት ተማሪ ነበረችኝ» ብለው አጫውተውኛል፤ «ጥቂትና ብዙ እጇ ላይ አይለያትም። የቁጥሮቹን ስም አንድ በአንድ፣ እንደ መሰላል እየረገጠች ወጣች። በኋላ ጓደኞቿን ሁሉ ጥላቸው ሄደች። ግምቱን እግዜር ይሰጣል፤ ስሙን ሰው ያወጣለታል። ሒሳብ የሚወለደው ሁለቱ ሲጋቡ ነው።» ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ያሹ ነበር፤ እህል እንደሚፈትሽ ሰው።

ማርክ ላይ ግን ጨካኝ ነበሩ። ዓይኗ እምብዛም የማያየው ሰናይት በእሳቸው ክፍል ተምራ በግማሽ ማርክ ወድቃ ክፍል ደግማለች። እናቷ፣ የገዛ እህታቸው፣ ዓመቱን ሙሉ አኩርፋቸው ነበር። «ምን ላድርግ? ግማሿን ከየት አባቴ ላምጣት?» ይሉ ነበር።

ለሚ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሰበታ ገበያ እህል ሲነግድ ነው የኖረው። የስኳር ሕመም ካገኘው ቆይቷል። ኢንሱሊኑን ጠዋትና ማታ የሚወጋው ራሱ ነበር፤ እኔ መርፌ ማየት እንኳ አልወድም። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ሚዛኑ ፊት እንደቆመ ራሱን አዞረውና ወደቀ። ሆስፒታል ሰነበተ። ሲመለስ እግሩ ደህና ነው፣ እጁ ደህና ነው፣ ንግግሩም ደህና ነው። ጠያቂው ሁሉ «ተመስገን፣ ምንም አልሆንክም!» እያለ ሄደ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ነገሩ የገባኝ ስልክ ሲደውል ነው። ወንድሙ ጋ ደወልኩ ብሎ የማያውቀውን ሰው አገኘ። ደግሞ ሞከረ፤ ሌላ ሰው። «ቁጥሮቹ እየተቀያየሩ ያሾፉብኛል» አለኝ እየሳቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየሁት። ሰባትን ሦስት አለ።

«ከሦስትና ከስምንት የቱ ይበልጣል?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ።

«አስቴር፣ ምን ማለትሽ ነው? ጥያቄው አልገባኝም።»

ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ፍሪጁ ሄደ። በሩ ላይ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ተቀምጧል። ኢንሱሊን ሲያንስ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ሲበዛ ግን ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ ሊወድቅ ይችላል።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አስረዳን። ከግራ ጆሮው በላይ፣ ወደ ኋላ ባለው የአንጎሉ ክፍል ደም ተቋርጦ ነበር። ብዙውን የቁጥር ሥራ የሚሠራው እዚያ አካባቢ ነው። «ንግግሩ ተርፏል፣ ቁጥሩ ነው የተጎዳው። በልምምድ ሊሻሻል ይችላል። እስከዚያ ግን መርፌውን ብቻውን እንዳይነካ» አለ።

ከዚያ በኋላ እኔ እሞላለሁ፣ እኔ እወጋለሁ። የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው፤ ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ ነው የሚመጣው። ለሚን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣ ወግቼ፣ በግድ አጉርሼ እሮጣለሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እየተጣደፍኩ ስኳር በጥብጬ አጠጣሁት። ነፍሱ መለስ ሲል፣ «ራሴ ልሞክር ብዬ ነው» አለኝ።

ብልቃጡን በሚቆለፍ ሳጥን አድርጌ ደበቅሁበት። በማግስቱ ምግብ አልበላም አለ።

«የደበቅሽው መድኃኒቱን አይደለም» አለኝ፤ «እኔን ነው የደበቅሽው።»

ተጯጯህን። በዚህ መሀል የበሩ ደፍ ላይ ከዘራ ተንኳኳ። መምህሩ ቆም ብለው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ሁለት ናችሁ፤ የምትጮኹት ግን እንደ አሥር ነው። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሁለት ሳህን ሽምብራ አስመጡኝ፤ አንዱ ሞላ ያለ፣ አንዱ ጎደል ያለ። «የቱ ይበልጣል?» አሉት። ለሚ ሳያመነታ ጠቆመ። የሁለቱን መጠን እንዳቀራርበው ነገሩኝ። አሁን ተሳሳተ። መምህሩ ግን ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ በደስታ ተነሱ።

«ግምቱ አለ! ዕቃው ቤት ውስጥ ነው፤ በሩ ነው የጠፋው። እስቲ ቁጠርልኝ።»

«አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሦስት...» አለና አቆመ። አፈረ።

«መቁጠር ያስተማረህ ማነው?»

«አባቴ። በቁና ሲሰፍር አጠገቡ ሆኜ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በኦሮምኛ ነዋ! ተፍኪ ላይ ቁና በአማርኛ ሲሰፈር የት አይተዋል?»

«እኔ ምንም አይቼ አላውቅም፣ ኦቦ ለሚ። እስቲ ስፈር፤ ልስማ።»

ከጆንያው በቆሎ፣ ከመደርደሪያው ጣሳ አመጣሁ። ለሚ ጣሳውን ሲይዝ ወገቡ ራሱ ጎንበስ አለ። እንደ ዜማ አድርጎ ጀመረ፤ «ቶኮ... ለማ... ሰዲ... አፉር... ሸን...» አንድም ሳይሳሳት ኩዸን፣ አሥር ላይ ደረሰ። ሲጨርስ እንደ ነጋዴ ልማዱ አንድ እፍኝ ዘግኖ አናቱ ላይ ጨመረና፣ «ምርቃት!» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ ያለው በአንድ ቤት ብቻ አይደለም፣ አስቴር። የምልክቱ ቤት አለ፣ የስሙ ቤት አለ፣ የብዛቱ ቤት አለ። ይሄኛው ደግሞ እጁና ምላሱ አብረው በልጅነት የሠሩት ጎጆ ነው። እሳቱ እዚያ አልደረሰም። በዚያ በኩል እንገባለን።»

የታዘዘለት ኢንሱሊን ሃያ ዩኒት ነው። በእኛ መርፌ ላይ አንዱ መስመር ሁለት ስለሚይዝ፣ አሥር መስመር ማለት ነው፤ ከቶኮ እስከ ኩዸን። ሐኪሙን ጠይቀን በውሃ እንዲለማመድ ፈቀደ። ለሚ መስመር በመስመር እያዜመ ይስባል። ከዚያ መምህሩ መርፌውን ተቀብለው፣ ወደ ውጭ የወጣውን የመግፊያውን ዘንግ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይለካሉ። የአሥር መስመር ርዝመት ጣታቸው ላይ ተቀርጿል። ከረጅም ልምምድ በኋላ ሐኪሙ፣ «አጠገቡ ሰው ካለ ራሱ ይውጋ» አለ።

አጠገቡ ያለው ሰው መምህሩ ነበሩ። እስቲ አስቡት። ቁጥር የጠፋበት ሰውና ብርሃን የጠፋበት ሰው አንድ መርፌ ላይ ተጎንብሰው፣ እኔ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ።

«ጋሼ፣ ቢሳሳቱስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔም እፈራለሁ» አሉኝ። «የማይፈራ ሰው መርፌ አይያዝ።»

ሲጨርሱ ሁልጊዜ ይደውሉልኝ ነበር። «ሆኗል» ብቻ ነው የሚሉት። እስኪደውሉ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የምታወራኝ አይሰማኝም።

አንድ ማለዳ ሰርቪሱ ተበላሽቶ ቀረ። ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። መምህሩ ኮቴዬን ሰምተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ቆይ፣ አትረብሺው ማለታቸው ነው። ደፉ ላይ ቆምኩ። ለሚ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ደስ ብሎት ነበር። «ሰዴት... ሰገል... ኩዸን» አለ። እጁ ቆመ። ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ከዚያ ቀላል ነገር እንደሚሠራ ሰው፣ በአፍንጫው እያዜመ፣ መግፊያውን ደግሞ ሳበው።

ልጮህ አፌን ስከፍት የመምህሩ መዳፍ አሁንም ከፍ እንዳለ ነበር። መምህሩ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው መርፌውን ተቀበሉ። ጥፍራቸው ዘንጉ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።

«ኦቦ ለሚ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«ይቺ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው።»

«እሷማ ምርቃት ናት።»

«ለማን?»

«ለደንበኛው ነዋ።»

«ደንበኛው ማነው?»

ለሚ መርፌውን አየ፤ የተገለጠ ሆዱን አየ። «እኔ ነኝ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

መምህሩ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «እስከ ዛሬ በፍርሃት ነበር የሚሰፍረው» አሉ፤ «ዛሬ ጎበዝ ሆነ። እጁ ሲዝናና የገበያው እጅ ተመለሰ። በሩን ስከፍትለት አብሮት የሚገባውን አልጠየቅሁም።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «ይቅር! በቃ ይቅር! እኔው እወጋዋለሁ» አልኩ። ለሚ አንገቱን ደፍቶ ሸሚዙን ቆለፈ። ያ አቆላለፉ ወለሉ ላይ ካገኘሁት ቀን የባሰ አስፈራኝ።

መምህሩ ግን እያሰቡ ነበር። አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ያሻሉ።

«ምርቃት የሌለው ስፍር ለዚህ ሰው ያላለቀ ስፍር ነው» አሉ። «እጁን ተው ብንለው አይሰማንም፤ እጅ ጆሮ የለውም። ምርቃቱን እንስጠው። ግን ሌላ ቦታ እንስጠው።»

ከቤታቸው አንድ ጣሳ በቆሎ አመጡና ለሚ አጠገብ አስቀመጡ። ከመስኮታችን ሥር፣ በጋራው ግድግዳ ጥግ፣ የቆርቆሮ ሳህን አኖሩ። ዶሮዎቻቸው በግድግዳው ቀዳዳ ሾልከው ይመጣሉ። ሥርዓቱ ይህ ሆነ፤ ለሚ ኩዸን ሲል መርፌውን ያስቀምጣል፣ ከጣሳው አንድ ቁንጥር በቆሎ ያነሳል፣ «ምርቃት» ብሎ በመስኮቱ ሳህኑ ላይ ይጥላል። ስፍሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ይወጋል። እጁ የሚፈልገውን መጨረሻ ስላገኘ ወደ መርፌው አልተመለሰም። መምህሩ ግን ጥፍራቸውን ለብዙ ወራት አላነሱም።

«የአንቱ ዶሮዎች ወፈሩ፤ የከሰርኩት እኔ ነኝ» ይላቸው ነበር ለሚ።

«ዕንቁላሉን ስትበላስ? ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«እንዴት አድርጌ ልቁጠር!»

«አየህ፣ እኔም የተማመንኩት በዚያ ነው።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እኔ አብሬ ብስቅም ሆዴ አይስቅም ነበር።

ከጊዜ በኋላ ለሚ ብቻውን መሥራት ፈለገ። ሐኪሙም ተስማማ። መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ዜማውን ይሰማሉ፣ በቆሎው ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማሉ፣ ዶሮዎቹ ሲሮጡ ይሰማሉ። ከዚያ ይደውሉልኛል። አሁን የሚሉት «ዶሮዎቹ በልተዋል» ነው። ያቺን ቃል እስክሰማ የቀኑ ሥራዬ አይጀመርም ነበር።

የመጨረሻው ማለዳ ኔትወርክ አልነበረም። ስልኬን ከፍ አድርጌ ያዝኩ፣ ወደ ግቢው ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ባልደረቦቼ «አንቺ ደግሞ፣ የማንም አይሠራም እኮ» አሉኝ። ከረፋዱ በኋላ ስልኬ ጠራ። የጎረቤት ሴት ናት። «ቶሎ ነይ» ብቻ አለችኝ።

ለሚ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር ያለፈው። የጤና ባለሙያው መጥቶ አየው። «እንደ በፊቱ ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ስኳሩ ወርዶ ቢሆንስ?» አልኩት። «እሱንም አይሆንም ማለት አልችልም» አለኝ። መርፌው ተወግቶ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ባዶ መርፌ ስንት ይዞ እንደነበር አይናገርም። ወደ መስኮቱ ሮጬ ሳህኑን አየሁ። ሳህኑም ባዶ ነው። ዶሮዎቹ በልተው ከሆነ ባዶ ነው፤ ምንም ካልተጣለላቸውም ባዶ ነው።

ድንኳን ተጣለ፣ ሰው መጣ፣ እንባዬ ግን አልመጣም። ሰው ደንግጣ ነው ይላል። እኔ የማስበው ስለዚያች ምርቃት ነው፤ ወዴት ሄደች እያልኩ። መምህሩ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ያውቃሉ። ልጠይቃቸው ግን አልቻልኩም፤ አልሰማሁም ካሉኝ በምን እኖራለሁ?

በሠልስቱ ሰው ሲመናመን ራሳቸው በከዘራቸው እየደባበሱ አጠገቤ መጡ።

«አልጠየቅሽኝም» አሉ።

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። እስቲ ልንገርሽ?»

«ለማጽናናት ከሆነ ይተዉኝ፣ ጋሼ። አይንገሩኝ።»

«ሰናይትን ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«ለእህቴ ልጅ ግማሽ ማርክ ያልጨመርኩ ሰው ለአንቺ ምን ብዬ እጨምራለሁ?» አሉና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ኩዸን ሲል ሰማሁ። ምርቃት ሲል ሰማሁ። በቆሎው ቆርቆሮውን መታው። ዶሮዎቹ ሮጡ። ልደውልልሽ ብዬ ብሞክር ብሞክር ስልኩ እምቢ አለኝ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድንኳኑን የሚያፈርሱት ሰዎች ሥራቸውን እስኪያቆሙ ድረስ ጮኼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ከመምህሩ ቀብር ሰናይትና እኔ አብረን ተመለስን። «ሲሞቱ እንኳ ግማሿን አልመለሱልኝም» ብላ ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ቤታቸውን ከፈትን። ዶሮዎቹ ዛሬም በቀዳዳው ሾልከው እዚያ ይጭራሉ፤ በርጩማቸው ግድግዳው ሥር እንዳለ ነው። ሳየው ያ የድሮ ፍርሃት እንደገና ያዘኝ። አንድ ቁንጥር በቆሎ ናት። መሀል ላይ ግድግዳ አለ። ሰው ምን ያህል ቢሰማ እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል? አሁን ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለም።

«ሰናይት፣ እባክሽ ወደ እኔ ቤት ግቢ» አልኳት። «መስኮቱ ጋ ጣሳ አለ። ቁንጥር በቆሎ አንስተሽ ከታች ሳህኑ ላይ ጣይልኝ። መቼ እንደምትጥይው ግን አትንገሪኝ።»

ለምን አላለችኝም። ሄደች። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ። መኪናው ከራቀ በኋላ፣ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር፤ ከዚያ በአጠገቤ፣ በቀዳዳው በኩል የሚሽቀዳደሙ የዶሮ እግሮች።

ይሰማል።